ከግድግዳው ሥር የቆመው ሰው

ከቀየት ከተማ በላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሊተክል የመጣውን ሰው ስሙን የጠየቀው የለም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ወለሉን በባዶ እግሩ እየረገጠ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ይዞራል። ወፍራሙን ድምፅ በጆሮው ሳይሆን በእግሩ የሚሰማው ይመስላል። ከግራ ጆሮው ሥር እስከ አንገቱ የወረደ ጠባሳ አለው።

በንግሡ ዋዜማ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ቅጣው፣ ለከበሮው ግርማ እንዲሰጠው ብለው፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን የቤዝ ሳጥን በሴቶች መቆሚያ በኩል ከአሮጌው የጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠጉት። ከበሮው በማጉያው ሲያስገመግም ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ አፈር በነጠላችን ላይ ረገፈ። ሰውየው እየሮጠ መጥቶ ሳጥኑን በእርግጫ ገለበጠው። ገመዱን ሲበጥስ መዳፉ ተተልትሎ ደማ።

ጋሽ ቅጣው ኮሌታውን አንቀው ያዙት። "አንተ ጋኔን! በእግዚአብሔር ቤት ትራገጣለህ?"

"ይምቱኝ!" ብሎ ጮኸ። "ግን ግድግዳ ሰው ላይ ሲወርድ አይተው ያውቃሉ? እኔ ሚስቴንና ልጄን በጥፍሬ ቆፍሬ ነው ያወጣኋቸው!"

የጋሽ ቅጣው እጅ ላላ። ሳጥኑን ራሳቸው አንስተው፣ ሰውየው ወዳሳያቸው ቦታ ከግድግዳው አርቀው፣ ንዝረቱን እንዲውጥ በተጎዘጎዘ የጓሳ ሣር ላይ አስቀመጡት። እሱም ከከበሮ መቺው በቀር ሁላችንንም ወደ ደጃፉ አስወጥቶ ብቻውን ከግድግዳው ሥር ቆመ።

"አሁን ምቱት!"

ከበሮው ነጎደ። አፈር አልረገፈም። ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር፤ የደማው እጁ ግን ከጎኑ የቆመ ሕፃን እጅ የያዘ ይመስል ዝቅ ብሎ ተጨብጧል።