በአባባ ወርቁ አጥር ላይ የተከፈተው በር

ከአዳማ እስከ አዋሽ አብረዋቸው አጋሰስ ለነዱ፣ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ለሚያውቋቸው ሁሉ፦ የባለቤቴ አባት አቶ ወርቁ ከጓሯችን ግራር ሥር እንደ ተቀመጡ ዐርፈዋል። እኔ ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ነገር ግን የመጨረሻ ዓመታቸውን ከአጠገባቸው ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝና ልጻፈው ብያለሁ።

እናንተ የምታውቋቸው በመንገድ ላይ ነው። ባቡር መጥቶ ጭነቱን ሲወስድ ግን በቅሎዎቻቸውን ሸጠው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ቤታችን የተሠራው ድሮ እሳቸው ይሰፍሩበት ከነበረው ቦታ ላይ ነው። በጓሮው ባሉት አራት ትልልቅ ግራሮች ወገብ ላይ የበቅሎ ገመድ የበላው ዛሬም ይታያል። ከግራሮቹ ወዲያ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ወዲያ የድሮው መንገድ አለ።

ልጄ ጥሩዬ መሄድ እንደ ጀመረች አንድ ቀን ከዓይኔ ጠፋች። ሐዲዱ ላይ ተቀምጣ ብረቱን በጠጠር ስትቀጠቅጥ አገኘናት። ከዚያ ወዲህ በነጠላ ከወገቤ ጋር አስሬያት እውል ጀመር። ባለቤቴ ግራሮቹን ቆርጦ በግንዳቸው ሊያጥር ተነሣ። አባባ ግን፣ «ተው ልጄ፤ እነዚህ ስንት ዘመን በቅሎዎቼን ያዙልኝ፤ አሁን ደግሞ ልጃችንን ይያዙልን» አሉት።

ጓሮውን እንደ መንገደኛ ሰፈር አደረጉት። አራቱን ግራሮች ምሰሶ አድርገው፣ ጅብ እንዳይገባ በመንገድ እንደሚያደርጉት፣ የመለመሉትን ቅርንጫፍ እሾሁን ወደ ውጭ አዙረው ዙሪያውን ደረደሩ። ጭነት ይወርድ በነበረበት ጎመንና ቃሪያ ተከሉ፤ እሳት ይነድ በነበረበት መቀመጫ ሠሩ። መውጫው የቤቱ የኋላ በር ብቻ ሆነ።

ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን አደ ጫልቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታቸው፣ «አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ ወርቁ! አንተ እኮ ራስህን በረት አስገባህ!» ብላ ሳቀችባቸው።

«እንግዲያማ ሣር አምጪልኝ!» አሏት።

ልጄ ከወገቤ ተፈታች። የእሳቸው ጉልበት ግን ደከመ፤ በፊት በር ዞረው የድሮው መንገድ መድረስ አቃታቸው። ጠዋት ጠዋት ገመድ የበላውን ግራር በጣታቸው እየዳሰሱ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ በዚህ በኩል ትንሽ በር ብታስከፍቺልኝ?» ይሉኛል። « መንገድ ዳር ተቀምጬ የሚያልፈውን ሰላም እል ነበር።»

«ጥሩዬስ፣ አባባ?»

«እውነትሽን ነው። ጥሩዬ ትቅደም።»

በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጠይቁኛል፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ባቡሩ ሲያፏጭ ጥሩዬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጆሮዋን ይይዙላታል። ከውጭ የአህያ ነጂ ድምፅ ከሰሙ ደግሞ ጠርተው በቅርንጫፎቹ መካከል ውሃ በቅል ያቀብላሉ። እጃቸው ተጭሮ ይመለሳል። ደሙን እያጠብሁ «ምነው ቢተዉት?» ስላቸው፣ «በሰፈሬ የተጠማ ሰው አልፎ አያውቅም» ይሉኝ ነበር።

የለቅሶው ዕለት የድሮ ጓደኞቻቸው ከወለንጪቲ በኩል በድሮው መንገድ መጡ። ሐዲዱን ተሻግረው ከአጥሩ ሲደርሱ መግቢያ አጡ። እዚያው ከእሾሁ ውጭ ቆመው፣ «ወርቁ! ወርቁ! በየት እንግባ?» እያሉ አለቀሱ። ባለቤቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«ክፈትላቸው» አልሁት።

መጥረቢያ አንሥቶ በሐዲዱ በኩል ባሉት ሁለት ግራሮች መካከል አጥሩን ከፈተው።

አባባ፣ በሩ እንደ ተከፈተ ነው። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ባቡሩ ሲመጣ ጥሩዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በሩ አፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጆሮዋንም እይዝላታለሁ። ቅሉ ከአጠገቤ ነው። ትናንት አንድ አህያ ነጂ ውሃ ጠጥቶ «የወርቁ ሰፈር ይህ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ይኸው ነው» አልሁት።

ደኅና ይሂዱ፣ አባባ። ከእንግዲህ በፊት በር መዞር የለብዎትም።