ብርቄ ያልበላችው ጉበት

ይህን ነገር ከአፌ የሰማው የለም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ቁጣና ሐሜት ስናዘዝ ይህን ከምላሴ ሥር ቀብሬ ተመልሻለሁ። እንግዲህ የምታነቡኝ ሁሉ፣ ዛሬ እናንተን እንደ ንስሐ አባት ይዣችኋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እሷም ገና አሁን ነው የምትሰማው፤ እጇ ቆም ባለ ቁጥር «ጻፊው» እላታለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እስቴ አገር። ሚስቱ የሞተችበትን ገበሬ አግብቼ፣ ትንሿን ልጁን ብርቄን ላሳድግ ገባሁ። ክፉ እንጀራ እናት ነበርኩ? አልመታኋትም፣ አልሰደብኳትም። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን ከሆነ ግን ዝም ልበል።

የዚያን ክረምት ላማችን ነጥፋ፣ ጎመኑንም በረዶ መትቶት፣ ከገብስ ቂጣና ከሽሮ ሌላ የምንበላው አልነበረም። ብርቄ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከምሰሶው ጋር ትጋጭ ጀመር። ቀን ታያለች፣ ሲመሽ አታይም። ዳፍንት ነው። መድኃኒቱ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ጉበት በድስት ይበስላል፣ ልጁ በእንፋሎቱ ዓይኑን ይታጠናል፣ ከዚያ ጉበቱን ይበላል። የሟች እናቷ እናት፣ እመይቴ ዘነበች፣ ያለቻቸውን አንዲት ፍየል እየጎተቱ መጡ።

«እንኪ» አሉኝ፤ «ልጄ አፈር ስትገባ ያስቀረችልኝ እነዚህን ዓይኖች ነው። ጉበቱን ለሷ፣ ሥጋውን ለፈለግሽው።»

ባሌ ፍየሏን አርዶ ወደ እርሻው ሄደ፣ እመይቴም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ጉበቱ ሲንተከተክ ሽታው አስጎመጀኝ። ብርቄን በነጠላ ሸፍኜ ፊቷን በእንፋሎቱ ላይ ያዝኩ።

«እትዬ፣ ዓይኔን ፈጀኝ።»

«ቻይው፣ የኔ እመቤት።»

«ከዚያ እበላዋለሁ?»

«ሲበርድ።»

ሲበርድ እኔ በላሁት። ጓዳ ገብቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እኔ በላሁት። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች በልጇ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል፤ ይህን ሰበብ ለራሴ ነገርኩት። ደግሞም መድኃኒቱ እንፋሎቱ ነው፣ እሱን አግኝታለች አልኩ። ውሸቴን ነው። አንዲት ቁራሽ ላስቀርላት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ለብርቄ ከጎድኑ ቆርጬ ሰጠኋት። አላመጠች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

ዓይኗ አልተሻለውም። እመይቴ ዘነበች ሁለታችንንም ይዘው መካነ ኢየሱስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ወሰዱን። ቀልደኛ ወጣት ነው። ዓይኗን ገለጥ አድርጎ አየና «አይዞሽ እሙዬ፣ ሙሽራ ሳትሆኝ አትታወሪም» አላት። ከመደርደሪያው ጠርሙስ አወረደ፤ የዓሣ ጉበት ዘይት ነው አለ።

«እህል ብቻውን አይበቃም፣ እማማ። በምግብ ውስጥ ቫይታሚን የሚሉት የማይታይ ነገር አለ። የዓይኑ በጉበት፣ በወተት፣ በቅቤ፣ በጎመን ነው የሚገኘው፤ እሱ ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል። እንፋሎቱ አይረባም፣ መብላቱ ነው። ጉበት በልታለች?»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ! ፍየሌን አሳርጄ!» አሉ እመይቴ። ወደኔም ዞሩ። «አላበላሻትም?»

ፈራሁ። እውነቱን ብናገር ሽማግሌ ፊት ያቆሙኛል፣ ባሌም ከነሆዴ ያስወጣኛል። ብርቄ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች።

«አብልቻታለሁ» አልኩ።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«እንግዲያ ከምግብ አይደለም» አለና ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰው። «ትንሽ ናት ያለችኝ፣ ለሚጠቅመው ትቆይ።» የዓይን ቅባት ሰጠን።

ጠርሙሱ ሲመለስ አየሁት። አንድ ቃል ብናገር ይወርድ ነበር። አልተናገርኩም። ብርቄም ፊቷን ወደኔ አዞረች እንጂ አልተናገረችም። ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። በዚያ ልጅነቷ ታውቅ ነበር ማለት ነው?

ስንመለስ መንገድ ላይ ጀንበር አዘቀዘቀች። «እትዬ፣ ድንጋይ ሲኖር ንገሪኝ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ኩፍኝ ያዛት። በዚያው ዓይኖቿ ላይ ነጭ ወጣ፣ ጨለሙ።

ኃጢአቴ በዚህ ቢያበቃ! አገሩ «ጉበት በልታ ያልዳነች፣ ይሄማ የዘር ነገር ነው» አለ። የሟች እናቷን አጥንት በክፉ አነሱት። ብርቄን ለትዳር የጠየቀ አልመጣም። እመይቴ ዘነበች አንገታቸውን እንደደፉ ሞቱ። ሁሉንም እሰማ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከስማዳ ጋይንት፣ ከጠበል ጠበል እዞራለሁ። ሰው «መንፈሳዊት ናት» ይለኛል። ሽሽት ነው እንጂ! ብርቄ ዛሬም እስቴ ጥጥ ትፈትላለች። ስመጣ እግሬን ታጥበኛለች፣ ቁስሌን በጣቷ ዳስሳ ታገኘዋለች። እጇ ሲነካኝ እንቀጠቀጣለሁ። «በረደሽ፣ እትዬ?» ትለኛለች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። አምሮኝ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ ለብርቄ ይነበብላታል፣ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው። እኔም እዚያው እቀመጣለሁ። ዓይኗን መመለስ አልችልም። ግን አገሩ ይስማ፤ የብርቄ ዘር ንጹሕ ነው። የእናቷ አጥንት ንጹሕ ነው። ያሳወርኳት እኔ ነኝ።