ቭላስታ ያልፈተሸችው ጥቅል

በቼክ አገር፣ በሊቤሬትስ ከተማ የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ብዙው ሠራተኛ ሥራ ፈታ፤ ቭላስታን ግን ዓይኗ አበላት። የሱፍ ጨርቅ ስትፈትሽ የኖረች ሴት፣ አሁን በአዲስ ፋብሪካ ከፀጉር እጅግ ከቀጠነ ክር የሚሠራ ስስ ጨርቅ ትፈትሻለች። ክሩ ሙጫ ከመሰለ ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ጉልበት ተስቦ የሚወጣ ነው። ጨርቁን ከሥሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ትዘረጋዋለች፤ ብርሃን ሾልኮ ከታያት ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ደህናው ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ ግን የሚያስወጣ ጃኬት ይሠራበታል፤ ውኃ ማጣሪያም ይሆናል። ቀዳዳ ያለው ይጣላል። በዚህ ቀልድ አታውቅም።

ሳትፈትሽ የተቀበለችው ቢኖር ራዶቫን የሰጣትን ብቻ ነው። ራዶቫን የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ነው። ከተራራው ሥር፣ ቅዳሜና እሁድን በሚያሳልፉባቸው የእንጨት ጎጆዎች ደግሞ ጎረቤቷና የጎጆ ባለቤቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ከሁሉም በላይ እንጉዳይ የሚለቅሙት አብረው ነው። በዚያ አገር ሰው እንጉዳይ የሚያገኝበትን ቦታ ለገዛ ወንድሙ እንኳ አያሳይም፤ ቭላስታ ለራዶቫን አሳይታዋለች። ወዳጅ የሰጠውን እንጉዳይ ደግሞ መርዝ ይኖረው ይሆን ብሎ ማገላበጥ ነውር ነው። ተቀብሎ መጥበስ ነው።

የጎጆዎቹ የውኃ ጉድጓድ ሲበከል ራዶቫን አንድ ጥቅል ጨርቅ ይዞ መጣ። ፋብሪካው የፈቀደልን ነው፣ አንደኛ ደረጃ ነው አላት። ቭላስታ ወስዳ መብራቷ ላይ ልትዘረጋው አሰበችና አፈረች። በእጇ ቆርጣ የጉድጓዱ ውኃ ማጣሪያ ውስጥ ገጠመችው፤ ለጎረቤቶቿም ያለ ሥጋት ጠጡ አለቻቸው።

ጠጡ። ብዙም ሳይቆይ ጎጆው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተኛ፤ አሮጊቷ ጎረቤታቸው ሚሉሸ ደግሞ ሆስፒታል ገቡ።

ቭላስታ የተረፈውን ጨርቅ ሥራ ቦታዋ ወስዳ ዘረጋችው። ወንፊት ነው። እሷው ራሷ ይጣል ብላ የለየችው ጥቅል ነበር። ጨርቁን ይዛ መጋዘን ወረደች።

«የሚጣለውን ነው የሰጠኸኝ?»

«ለጎጆ ውኃ ይበቃል ብዬ ነዋ» አላት። «ደግሞስ አንቺ ሳታዪ ትገጥሚዋለሽ ብዬ በምን ልወቅ?»

አለቀሰች። እሱም ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሁድ ስብሰባው ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ ብሎ ማለላት። ሞኟ አሁንም አመነችው።

እሁድ ሁሉም ተሰበሰበ። ራዶቫን የቢራ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ሐዘን እንኳ አልጎደለም።

«ጨርቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም» አለ። «ግን ፈታሽ አለችን ብዬ ነው ያመጣሁት። ደህና ነው ብላ የገጠመችው እሷ ናት።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይሄ ነው። ቭላስታ ተነሣች።

«አልፈተሽኩትም» አለች።

«ለምን?» አሉ ከሆስፒታል የወጡት ሚሉሸ።

«እሱ ስለሰጠኝ።»

እውነቷን ነበር፤ ግን እውነቱ ለማንም ምክንያት ሆኖ አልታየም። አንዱ ሳቀ። ሚሉሸ አልሳቁም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ራዶቫንን አምኜ አልጠጣሁም» አሉ። «አንቺን አምኜ ነው።»

ቭላስታ አንድ ቃል እንዲናገርላት ራዶቫንን አየችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ለሚሉሸ ወንበር እያቀረበላቸው ነበር።