ያልጮኸው ደወል

ራኬብ በልጅነቷ ከሆሳዕና መጥታ ለቡ ከእናቷ ጋር የምትኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ፣ ሕመምተኞች ቤታቸው የሚጠቀሙበትን የኦክስጅን ማሽን ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን ከሥር ሆኖ የሚመራውን ኮድ ትጽፋለች።

ድርጅቱ አሮጌና አዲስ ማሽን አለው፤ ኮዱ ግን አንድ ነው። የቱ ክፍል ለየትኛው ማሽን እንደሚገባ የሚወስኑት በየቦታው የተጻፉ ሁኔታዎች ናቸው፦ ይህ ስም ከተመረጠ ይህን አስገባ፤ ካልተመረጠ ተወው። አምና ራኬብ የተዘበራረቁትን ስሞች ስታስተካክል መቶ ሰባት ቦታ ለወጠች። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ገደፈች። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የማያውቀውን ስም እንዳልተመረጠ ቆጥሮ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የታለፈው፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው የአዲሱ ማሽን ደወል ነበር። ከለውጡ በኋላ የተሞከረው አሮጌው ማሽን ብቻ ስለነበር ማንም አላወቀም።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ፉሪ መብራት ጠፋ። ጡረተኛው አቶ ነጋ አዲሱን ማሽን አድርገው ተኝተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ጓሮ ልብስ ያጥባሉ። ተጠባባቂው የኦክስጅን ሲሊንደር አልጋው አጠገብ ነበር። ወይዘሮ ሙሉመቤት ሲገቡ የባላቸው ሕይወት አልፏል።

ማሽኑ ለምርመራ ሲመለስ ራኬብ ስህተቷን አገኘችው። ኃላፊዋን አዶኒያስን ጠርታ አሳየችው።

«ሁሉንም ዛሬውኑ እናስተካክላለን» አላት። «ለቤተሰቡ ግን የደወሉ ባትሪ አልቆ ነው እንበል። ብንነግራቸው ሰውየው አይመለሱ።»

ቅዳሜ በታክሲ ፉሪ ሄደች። ለወይዘሮ ሙሉመቤት ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ጮኾ ያልሰማሁት መስሎኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። «ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ልጆቼም የት ነበርሽ ብለው አኩርፈውኛል።»

«አልጮኸም፣ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ቢጮኽ እደርስለት ነበር?»

አላውቅም ልትል ነበር። «ይደርሱ ነበር» አለች።

ሴትየዋ አለቀሱ። ቆይተው ስልካቸውን አነሱ። «ይህንኑ ለልጆቼ በአንደበትሽ ንገሪልኝ።»

ሦስቱም ልጆች እስኪመጡ ጠብቃ ደግማ ነገረቻቸው። ትልቁ ልጅ «በቃ፣ ውጪልን» አላት። ወጣች።

ዛሬም እዚያው ትሠራለች። የማይታወቅ ስም ሲገኝ ሥራውን የሚያስቆም ፍተሻ ጽፋለች፤ ቢሆንም እያንዳንዱን ፋይል በዓይኗ ሳታይ አትለቅም። ወይዘሮ ሙሉመቤት አንድ ጊዜ ደውለው «ልጆቼ አሁን ያናግሩኛል» አሏትና ዘጉ። ስለ ይቅርታ አላነሱም፤ እሷም አልጠየቀችም።