አያ ታከለና ግሪሳው

በደርግ ጊዜ ኮኪት አጠገብ በመንግሥት እርሻ ላይ ማሽላ ከወፍ ልጠብቅ ተቀጥሬ፣ ከሽማግሌው ጠባቂ ከአያ ታከለ ጋር አንድ ማማ ላይ እንውል ነበር። ግሪሳውን «አንተ አድኃሪ!» እያሉ ሲሰድቡት ይውላሉ፤ ጅራፉን ግን ቶሎ አያጮኹም።

«ቆይ እስቲ፣ ይረፍ» ይሉኛል።

መንጋው ከሰፈረ በኋላ ሲያጮኹት፣ እንደ ጢስ ተነሥቶ በአንዴ ሲታጠፍ አፋችንን ከፍተን እናያለን።

አንድ ቀን አውሮፕላን መጥቶ መርዝ ረጨ። በነጋታው ማሳው ጭጭ አለ፤ እፎይ ልበል ብል አልሆነልኝም። አያ ታከለ ጅራፉን አጮኹ፤ የተነሣ የለም። ከማማው ወርደው የማሽላ ዛላ ቀነጠሱና በመዳፋቸው እያሹ መሬት ላይ ይበትኑ ጀመር።

«ምነው አያ! ኃላፊው ቢያየን እኮ ያባርረናል!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በል፤ ድምፅህን ሰምተው እንዳይሸሹ!»