ከባሕረኛው ጋር በገደሎቹ መሃል

ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊ አዛውንት አሉ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ የምረዳቸው እኔ ነኝ። ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ፣ ገላቸውን ሲታጠቡ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት መውጣት እርግፍ አድርገው ትተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስላቸው “ጉልበቴን” ይላሉ። የሐኪም ቀጠሮ አለ ስላቸው ደግሞ “ካንስል አድርጊው።” ቴክሳስ ያለችው ልጃቸው በየቀኑ እየደወለች የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ዛሬስ አባዬ ወጣ?”

አንድ ቀን፣ በጋው እንደገባ፣ የአጃ ገንፏቸውን እየበሉ ሳሉ ቴሌቪዥኑ ላይ በሁለት ገደል መሃል የገባ ቀጭን ባሕርና በላዩ የምትሄድ ነጭ ጀልባ ታየ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

“ይሄ ፊዮርድ ይባላል” አሉኝ። “ባሕሩ ተራራውን ሰርስሮ ገብቶ ነው። እኔ ገብቼበታለሁ።”

መጀመሪያ ሕልም የቀላቀሉ መሰለኝ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ከአሰልጣኞቻቸው መካከል ኖርዌጃውያን ነበሩበት፤ አንድ ጊዜ ለትምህርት ወደ ኖርዌይ ተልከው በጀልባ ፊዮርድ ውስጥ አስገቧቸው።

“ከግራም ከቀኝም ገደል ነው። ቀና ስትዪ ሰማዩ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ነው የሚታይሽ። ጓደኞቼ ሁሉ ጸጥ አሉ። እኔ ግን ዘፈንኩ።”

“ምን ብለው ዘፈኑ?”

“እሱን ረሳሁት” ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ቤቴ ብሩክሊን ሴንተር ነው። ከሥራ ስመለስ ልጄን፣ እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። እንደ ልማዷ ከስልኳ ቀና ሳትል በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ከትምህርት ቤት ለፊልድ ትሪፕ ሄደንበት የለም እንዴ፣ ሴንት ክሮይ ወንዝ! ፎቶውን አወጣችልኝ። ከሁለት በኩል ጥቁር ድንጋይ ግድግዳ፣ መሃሉን ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ጀልባ። በማግስቱ ለአዛውንቱ አሳየኋቸው። በጣታቸው እያሰፉ ብዙ ተመለከቱት።

“ይሄ ፊዮርድ አይደለም” አሉ። ቀጠሉና፣ “መቼ ነው የምንሄደው?”

ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር ውሃ እንደምፈራ ነው። ሚኒሶታ የሐይቅ አገር ነው፤ ልጆቼ ሲዋኙ እኔ ራቅ ብዬ ሣሩ ላይ እቀመጣለሁ። ወጣት ሳለሁ ከጅቡቲ ዳርቻ ተነስቼ፣ ሰው ከልክ በላይ በጫነች ጀልባ ወደ የመን ተሻግሬያለሁ። እኔ ደረስኩ። አብረውኝ ከተሳፈሩት ያልደረሱ አሉ። ይህን ለልጆቼም በዝርዝር አውርቼ አላውቅም። ወንዝ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ዳርና ዳሩ ይታያል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ልወስዳቸው ስሄድ ሱፍና ከረባት አድርገው፣ አሳንሰሩ አጠገብ መቀመጫ ያለው ባለ ጎማ መራመጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወደ ሰሜን ድራይቭ ሳደርግ የበቆሎ ማሳውን እያዩ አንድም ጊዜ አላሸለቡም። ጀልባዋ ጋ ስንደርስ ሠራተኞቹ መራመጃቸውን ይዘው አሳፈሩንና ከፊት ተቀመጥን። በዙሪያችን ልጆች የያዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ሞተሩ ተነስቶ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ከጎኔ ያለውን የጀልባዋን የጠርዝ ብረት ያዝኩ።

ጠባቡ ጋ ስንገባ ገደሎቹ ፀሐይዋን ጋረዷት። አስጎብኚው በማይክሮፎን፣ የሰው ፊት የሚመስል ድንጋይ በቀኝ በኩል እንዳለ ሲናገር ሰው ሁሉ ፎቶ ለማንሳት ብድግ ብሎ ወደዚያው ሄደ። ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል አለች።

“ተቀመጡ!” ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ብረቱን የጨበጠው እጄ አልላቀቅ አለኝ፤ ትንፋሼ ተቆራረጠ። ያን ጊዜ ከወንበር እኔ ደግፌ የማነሳቸው ሰውዬ በራሳቸው ተነሱ። አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ፊቴ ቆሙ።

“አይዞሽ ጓለይ” አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። “ውሃውን አትዪ። ገደሉ ላይ ያቺን ጥድ ታያለሽ? ድንጋይ ሰንጥቃ የበቀለችውን? እሷ አትነቃነቅም። ዓይንሽን እሷ ላይ አድርጊ። ስናልፋት ሌላ እንመርጣለን።”

ከአንዷ ዛፍ ወደ ሌላዋ እንዲህ እያልን ሄድን። እሳቸው ይመርጣሉ፣ እኔ አያለሁ። ትንፋሼ ሲመለስ፣ ባሕር የት እንዳስፈራኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጀልባዋን፣ ሞገዱን፣ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችውን ልጅ፤ ለማንም ያላወራሁትን ሁሉ።

“እኔ በዚያ ባሕር ላይ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ” አሉ። “በኔ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መርከባችን ላይ አወጣችሁ ነበር። ሁላችሁንም።”

የማይሆን ነገር ነበር፤ እሳቸው ምጽዋ ሳሉ እኔ ገና አልተወለድኩም። ቢሆንም ከዚያ ቀን በፊት ለዚያች ጀልባ እደርስላት ነበር ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ። መሃረባቸውን ሰጡኝ።

ወንዙ ሰፋ ካለበት ጀልባዋ ዞረች። ስንመለስ ፀሐይዋ ፊታችን ላይ ነበረች፤ ብረቱን የለቀቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አንድ ጊዜ ውሃ ተረጭቶ ጉንጬን ሲነካኝ እንኳ አልጠረግኩትም። አዛውንቱ ሲወርዱ ለጀልባዋ ነጂ ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። ወጣቱ ነጂ ግራ ቢገባውም ፈገግ ብሎ መለሰላቸው። ወደ ቤት ስንነዳ ልጃቸው ደወለች። “መኪና ውስጥ ተኝተዋል” ስላት በመጀመሪያ ደነገጠች፤ ከየት እንደምንመለስ ስነግራት ግን ድምጿ ለሰለሰ። ቀስ ብላ፣ “ፎቶ አንስተሽዋል?” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አዛውንቱ አዲስ ሰው ሆኑ አልልም። የሐኪም ቀጠሮ ዛሬም ካንስል አድርጊ ይሉኛል፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ግን ቅዳሜ ሲደርስ “የዛሬውስ የት ነው?” ማለት ጀመሩ፤ ሐይቆቹን እየዞርን በጋውን ጨረስነው።

እኔ በመኸር፣ ቤቴ አጠገብ ለሴቶች የሚሰጥ የዋና ትምህርት ተመዘገብኩ። አብዛኞቹ እንደኔ በትልቅነታቸው የሚጀምሩ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን የዋና ልብስ የሚለብሱ ሶማሌ እናቶችም አሉ። መጀመሪያ ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር እንኳ አቅቶኝ ብዙ ተሳሳቅን። ባለፈው ሳምንት መምህሯ በጀርባዬ አስተኝታኝ፣ ቀስ ብላ እጇን ከሥሬ አወጣች። አልሰጠምኩም። ጆሮዎቼ ውሃ ውስጥ ስለነበሩ፣ የሴቶቹን ጭብጨባ የሰማሁት ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ መስሎ ነው።