የሃሊሳው ተኩስ አቁም

በፈረንጆቹ 2006 ሐምሌ ላይ፣ ከሊባኖስ የሚተኮሰው ሮኬት ሃይፋ ላይ መውደቅ ሲጀምር፣ ኔቬ ዮሴፍ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሚገኘው የነውዱ ሕንፃ ነዋሪው ሁሉ ወደ ደቡብ ሸሽቶ ወና ሆነ። የቀረው ውዱ ብቻ ነው። ደረሰ የሚባለው ልጁ ከቤርሼባ በየቀኑ እየደወለ «አባ፣ ና እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል። እሱም «ቤሰደር፣ እሺ፣ እመጣለሁ» ይልና ስልኩን ይዘጋል። ቲራት ካርሜል በምትባለው አጎራባች ከተማ የፋብሪካ ጥበቃ ነበር፤ አሁን ፋብሪካውም ተዘግቶ የሚጠብቀው የገዛ ቤቱን ግድግዳ ሆኗል። ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይከራከራል፣ ይረታል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም አይደል!

ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌት የሚያወራው ስለ ተኩስ አቁም ነው። አምባሳደሮቹ ተሰበሰቡ፣ ተበተኑ፣ ደግሞ ተሰበሰቡ። ውዱ ይህን በሰማ ቁጥር ሆዱ ይባባል። እሱንም ከጦርነት ያወጣው እንዲህ ያለ ድርድር ነዋ! በኛው አቆጣጠር በ1983 ግንቦት፣ ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ አሜሪካኖች መሀል ገቡ፤ እስራኤል ከመንግሥት ጋር ተስማማች፤ አማፂዎቹም ቤተ እስራኤሎቹ ተጭነው እስኪወጡ አዲስ አበባ ሳይገቡ ቆሙ። አውሮፕላኖቹ በአንድ ቀን ተኩል ያን ሁሉ ሕዝብ ይዘው በረሩ።

ንግሥቴን ግን አልያዟትም። ንግሥቴ ሚስቱ ናት። ያን ጊዜ አራስ ነበረች። በሕጋችን ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ከሰው ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቀመጣለች፤ የነካት ይረክሳል፣ ምግቧም ከደጅ ይቀመጥላታል። አዲስ አበባ ላይ ጎጆ ከየት ይምጣ? ከሚኖሩበት ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተውላት፣ ከጨቅላዋ ከፍሬህይወት ጋር እዚያ ነበረች። «ውጡ፣ ኤምባሲ ግቡ!» የተባለ ጊዜ ሰው እየተረጋገጠ ሮጠ። ውዱም የዘጠኝ ዓመቱን ደረሰን እጁን ይዞ ሮጠ። የጓሮዋን በር ያንኳኳ የለም።

በዓመቱ ንግሥቴ ልጇን አዝላ መጣች። ቤት የተሰጣት ከኔቬ ዮሴፍ ቁልቁል፣ ሃሊሳ ነው፤ በእግር የሚደረስበት። ውዱ ደስ ብሎት ሊቀበላት ሲሰናዳ፣ «ርኩስ ነኝ፣ አይቅረቡኝ» ብላ ላከችበት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ላከ! ሽማግሌዎቹ ንግሥቴ ቤት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፤ ተመልሰው «እምቢ አለች» ይላሉ። እንዲህ እየሆነ አሥራ አራት ዓመት ሄደ።

አሁን በሮኬቱ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እንደቆመ፣ ታች ወደ ሃሊሳ አቅጣጫ ጭስ ሲነሳ አየ። ፍሬህይወት ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር ደቡብ ተወስዳለች፤ ንግሥቴ ብቻዋን ናት። «ዛሬስ ሽማግሌ የለም!» አለ ውዱ፣ ሰው በሌለበት ጮክ ብሎ። ጫማውን አጠለቀና ቁልቁለቱን ወረደ። ጭሱ ከሕንፃዋ ራቅ ያለ ቦታ ነበር። ደረጃውን ወጥቶ በሯን አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ውዱ። ልወስድሽ መጣሁ። ደረሰ ዘንድ እንሂድ፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቷል።»

በሩ ሳይከፈት ሣቀች። ደስ የሚል ሣቅ አልነበረም። «ዛሬ መንገዱ ተገኘ?»

«ንግሥቴ፣ ሕጉ ነው እንጂ እኔማ… አራስ ቤት እንዴት ልግባ?»

«ይግቡ ያለዎት ማነው? መጣራትስ? ኦሪት መጣራት ይከለክላል? ነቅቼ ነበር እኮ። የደረሰን ልቅሶ ሰምቻለሁ፣ ያንቱን ኮቴ ሰምቻለሁ። አሁን ስሜን ይጠራሉ፣ አሁን ይጠራሉ እያልሁ፣ ልጄን አቅፌ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር።»

ውዱ ለሽማግሌዎቹ ሲሰጣቸው የኖረ መልስ ነበረው፤ «ትልልቆቹ ተስማምተዋል፣ አውሮፕላኑ ይመላለሳል፣ ኋላ ትደርሳለች ብዬ» የሚል። ሊደግመው አፉን ከፈተ። ተወው።

«ብጠራሽ ‹ይቅሩ› ትይኝ ነበር» አለ። «ይቅሩ ካልሽኝ ደግሞ እቀር ነበር። መቅረት አልፈለግሁም፣ ንግሥቴ። ፈራሁ።»

ከበሩ ወዲያ ሆና «እህ» አለች። «ይኸን ለመስማት ነው ስንቱን ሽማግሌ ሳበላ የኖርሁት።» ወዲያው የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። በሩ ተከፈተ፤ ቀሚሷ እንዳይነካው ሰብሰብ አድርጋ አልፋው ወደ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ወደ መጠለያው ወረደች። ሸምግላለች። ውዱ ከኋላዋ ተከተለ።

መጠለያው ውስጥ ከፎቅ የምትኖር አንዲት አረብ አሮጊት ነበረች፤ ውዱን አይታ በዕብራይስጥ «ባልሽ ነው?» ስትል ጠየቀቻት። «የልጄ አባት ነው» አለች ንግሥቴ። አሮጊቷም ወንበር ለቀቀችለት። ሲመሽ ውዱ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ጥግ የተጣለ የስፖንጅ ፍራሽ አግኝቶ እዚያው ከረመ። ንግሥቴ ከላይ ከቤቷ ትውላለች፣ ሳይረን ሲጮህ ትወርዳለች፣ ጸጥ ሲል ትወጣለች። ነገር ከተናገረችም «አጎዛ የለም እንጂ ወገብዎን ይበርደዋል» ያህል ነው። ለውዱ ይኸም ድግስ ነበር! ሳይረን ሲጮህ ሰው ሁሉ ይራገማል፤ እሱ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ፍራሹን ያነጥፋል፣ ደረጃውን ያያል። አንድ ቀን የበሰለ እንቁላል ይዛለት ወረደች። ሳይልጠው በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ፤ ሮኬቱን ፈርቶ መስሏት «አይዞዎት» አለችው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ትልልቆቹ የተስማሙበት ተኩስ አቁም ጸና። ውዱ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማ። ሳይረን አልጮኸም፣ ንግሥቴ ግን ወረደች። ከፍራሹ ብድግ አለ።

«ሰሙ?» አለችው። «ተስማሙ አሉ።»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ፍራሹን ከነበረበት ይመልሱና ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ልጄ ማታ ትገባለች፣ ቤት ላጽዳ።»

«እኔና አንቺስ?» አለ። «እነዚያ እንኳ በሮኬት ሲጨራረሱ ከርመው ታረቁ። እኛስ፣ ንግሥቴ?»

ንግሥቴ ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። «እኛ መቼ ተዋጋን?» አለች። «እርስዎ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። ይኸ ምን ድርድር አለው?» ደግሞ «እውነቱን መናገርዎ ግን ደግ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወጣች።

ውዱ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። መንገዱ ከደቡብ በሚመለሱ መኪኖች ተሞልቷል፣ ጥሩንባው ይጮሃል፣ ልጆች በመስኮት ይስቃሉ። ከላይ ፎቅ ያለው ጎረቤቱ ሻንጣ እያወረደ «አለቀ! ተመስገን ነው!» ሲለው «ተመስገን» አለ። ቤቱ ገብቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ፀጉሩን አበጠረ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ሳይረኑን ጠበቀ።